ለሰናይት የተረጎምኩት ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ በሰው አገር፣ ሳድል ሪጅ በሚባል ሰፈር፣ ልጄ ቤት፣ የደጁን በረዶ በአካፋ ጠርጌ ስገባ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጄ ሶልያና አንድ የድሮ ፊልም ከፍታ አገኘኋት። በዶሮ እግር የቆመች ጎጆ፣ ካርቶን የሚመስል ዘንዶ።

“አባባ፣ ሶ ፌክ ነው! ግን ደስ ይላል” አለችኝ።

ካፖርቴን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፊልሙን አውቀዋለሁ።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ በየቅዳሜው የሶቪየት የተረት ፊልም ያሳይ ነበር። በረዶን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ አካፋ እንደሚያስፈልገው ግን ማንም አልነገረኝም። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኛ ቆሎ እየቆረጠምን እናያለን። ዘንዶውን የሚጎትተው ገመድ ይታየን ነበር፤ ቢሆንም እንፈራው ነበር። የዛሬዎቹ ፊልሞች ገመዱን ይደብቃሉ፣ እኔም አልፈራም።

የአማርኛ ትርጉም አልነበረውም። የጎረቤታችን ልጅ ሰናይት አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እኔ በጆሮዋ እተረጉምላታለሁ። የማውቀው ሩሲያኛ ሰላምታ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ከልቤ አንቅቼ እነግራታለሁ። አንድ ቀን በዚሁ ፊልም ላይ አንዲት ልጅ በረዶ መሃል ቆማ ለፍቅረኛዋ አንድ ነገር ስትናገር፣ “ሰባት ዓመት ብትቆይም እጠብቅሃለሁ አለችው” አልኳት። ሰናይት ራሷ እንድትለኝ የምመኘውን ነበር የነገርኳት።

ከኋላችን የተቀመጠ፣ ሞስኮ ተምሮ የተመለሰ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። “ወንድሜ፣ እንደሱ አላለችም እኮ።”

ሰናይት ዞር ብላ “አንተ ምን አገባህ? ውሸታም!” አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ “እውነትህን ነው አይደል?”

“እውነቴን ነው” አልኳት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እውነት ግን ሩሲያ ድረስ ሄዶ ነው የጠራው። ሰናይት በእነዚያ ተረቶች ፍቅር ሩሲያኛ ልትማር ሄደች። በዓመቱ ደብዳቤዋ መጣ። “ፊልሙን አየሁት። ልጅቷ ያለችው ‘አትከተለኝ’ ነው። ያንተው ይሻል ነበር። ግን ስጠይቅህ ‘አላውቅም’ ብትለኝ ምን ነበረበት? ባንተ የተነሳ ሰው ሰደብኩ።”

አፈርኩ። ነገ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ዕድሜዬ አለፈ።

አሁን ያቺው ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ በረዶ መሃል ቆመች።

“አባባ፣ ምንድነው የምትለው?”

“‘አትከተለኝ’ ነው የምትለው።”

“ዋው! ራሽያን ይችላሉ?”

የድሮው ምላሴ ሊቀድመኝ ነበር። “አልችልም፣ ልጄ። አንዲት ጓደኛዬ ጽፋልኝ ነው የማውቀው።”

“ሶ፣ መልስ ጻፉላት?”

“አልጻፍኩም” አልኳት። ስንት ዓመት ጠብቃኝ ሊሆን እንደሚችል ግን እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።