እማዬ፣ እስከ ሻሿ ድረስ

ዛሬ እማዬ ጠበል ልትረጨኝ ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት!

ለጥልፍ ሱቋ ድረ ገጽ እየሠራሁላት ነው። የደብረ ማርቆስን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፤ ጽሑፉ እንደምንም ይመጣል፣ ፎቶው ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ትንሿን ፎቶዋን ወደ ፊደል ቀይሬ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ልክተታት አልኩ፤ ገጹ ሲከፈት ፊደሉ ተመልሶ ፎቶ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ፎቶውን ተቀብሎ የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር መዓት ሲዘረግፍ፣ ለካ እማዬ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ስመ ሥላሴ! አንቺ ልጅ፣ ክታብ መጻፍ ጀመርሽ?»

«ኧረ እማዬ፣ ይሄ እኮ አንቺ ነሽ!» አልኳት። (አሁን ሳስበው ጥሩ መልስ አልነበረም።)

ይባስ ብላ ጠበሉን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገሰገሰች።

ስትመለስ ገጹን ከፈትኩት። ያ ሁሉ ፊደል ጠፍቶ እሷ ራሷ ነጭ ሻሿን አስራ፣ ፈገግ ብላ ቁጭ! የጠበሉን ጠርሙስ እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያማ «ፎቶውንስ ዱሮም አለኝ፤ ፊደሉን በወረቀት አውጪልኝ» ብላ ሙጭጭ አለች። ብዙ ገጽ ስለሆነ «ይሄ የፎቶው አናት ነው» ብዬ የመጀመሪያውን ብቻ አተምኩላት። ወስዳ ሱቋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ከሰዓት ከአማኑኤል ከተማ የመጣች ደንበኛዋ «እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብትላት፣

«እኔ ነኛ! ግን እስከ ሻሼ ድረስ ነው፤ ፊቴ ገና አልታተመም።»

የእናንተስ እናቶች ሥራችሁን ለሰው ምን ብለው ነው የሚያስረዱት? እስቲ ጻፉ። እማዬ «የሚሉትን አንብቢልኝ» ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ጠበሉም እጇ ላይ ነው።