ሳይቀመስ የሚታመን ድስት

ዓሲያ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ቅመም የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሌላው ነጋዴ ሲቆጣ መንደሩ ይሰማዋል፤ እሷ ግን ሚዛኗን ታስቀምጣለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ከዚያም ለጆሮ እንደሚነገር ምስጢር ቀስ ብላ ትናገራለች። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ምነው በጮኸችብኝ ይላል። አንድ ጊዜ የሸክላ ዱቄት ከበርበሬ ጋር ቀላቅሎ ያመጣላት ነጋዴ ነበር። በዚያ ድምፅ ከሸኘችው ወዲህ በሱቋ በኩል ማለፍ ሲኖርበት ማዶ ማዶውን ነው የሚሄደው።

ሱቋ ጠባብ ናት። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ እርዱ፣ ደረቅ ዝንጅብሉ በየከረጢቱ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ባሏ ኢብራሂም፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት ሳለ ወደ ወልዲያ እየተመላለሰ ይነግድ ነበር። አንድ ቀን ከጨውና ከሳሙናው ጋር አንድ ጆንያ ካሮት ጭኖ መጣ። በዚያ ዘመን በሰፈሩ ካሮት ያየ እንጂ የቀቀለ ሰው አልነበረም። ዓሲያ እንደ ድንች ቆርጣ በሽንኩርት ሠራችውና ለጎረቤቷ ለይታየሽ በሳህን ላከችላት። ይታየሽ ክርስቲያን ናት፤ ከዓሲያ ጋር አጥር ብቻ ነው የሚለያቸው። ብዙም ሳይቆይ ሳህኑን ይዛ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ዓሲያ፣ ይኼ ወጥ ነው ወይስ ሻይ? ስኳር ጨመርሽበት?»

«ስኳሩ የራሱ ነው።»

«እንግዲያው ራሱ ይብላው!»

ሳቁ፤ ዓሲያ ግን በሆዷ ያዘችው። በጋውን ሙሉ ከካሮት ጋር ታገለች። በርበሬ አበዛችበት፤ ጣፋጩና የሚያቃጥለው አልታረቁም። ሎሚ ጨመቀችበት፤ የባሰ ሆነ። በመጨረሻ የደረሰችበት ነገር ቀላል ነው፤ ካሮት የሚፈልገው የሚያሞቅ እንጂ የሚያቃጥል ቅመም አይደለም። ለአልጫው ሽንኩርቱን ሳታጠቁር በዘይት ታቁላላለች፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ታስከትላለች፤ እርዱን ዘይቱ ውስጥ ታማስለዋለች፤ ከዚያ በጣት ልክ የተሰነጠቀውን ካሮት ገልብጣ በራሱ ውሃ ታበስለዋለች። ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ የሚገቡት ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው፤ ቀድመው ከገቡ ይመርራሉ። ለሾርባው ደግሞ ግማሹን ካሮት ትፍቀዋለች፣ ግማሹን በትናንሹ ትከትፈዋለች። የተፋቀው ከገብስ ቅንጬው ጋር ሟሙቶ ሾርባውን ወርቅ ያስመስለዋል፤ የተከተፈው ለጥርስ ይቀራል። ቀረፋና ቅርንፉዱን በደረቅ ምጣድ አምሳ፣ በሙቀጫ ወቅጣ ትነሰንስበታለች። ይታየሽ ያን ሾርባ ከቀመሰች በኋላ በአጥሩ በኩል ሳህን የምትልከው እሷ ሆነች፤ ባዶ ሳህን።

እንግዲህ በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በለቅሶ አንድ ነው፣ በሰርግ አንድ ነው፣ በአዝመራም በብድርም አንድ ነው። ቢላዋ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። በዚህ የተጣላ የለም፤ ሰርግ ሲኖር ሁለት ጓዳ ይዘጋጃል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ አለቀ። የዓሲያ ድስት ግን ከሁለቱ መሐል የሚቀመጥ ሆነ። ትልቅ፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ቂጡ የጠቆረ ድስት ነው፤ ሥጋም ቅቤም ነክቶት አያውቅም። ከእሱ ቄሱም ሼሁም ይበላሉ። በክፉው ጊዜ፣ ሰው ያለውን እፍኝ እፍኝ አዋጥቶ በኖረበት ወራት፣ ሰፈሩን ያቆመ ያ ድስት ነው። ማንም «ምን አለበት?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የዓሲያ ነው ከተባለ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። በጾም ቀን ወጥ ሠሪ አትቀምስም። አዋቂዎቹ ለሠሪ ምላስ ላይ አድርጎ መትፋት ይፈቀዳል ይላሉ፤ ዓሲያ ግን «ምላሴን አላምነውም፣ ሌባ ነው» ትላለች። በአፍንጫዋ ነው የምትሠራው። ስለዚህ የረመዳን ሾርባ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማንም ሳይቀምሰው፣ እንዲሁ ታምኖ የሚቆይ ምግብ ነው።

ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ገቡ። የሰፈሩ ሰው አርብ አርብ ማታ በዓሲያ ግቢ ተሰብስቦ አብሮ መብላት ጀመረ። ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ በኋላ መብላት ሲችሉ መግሪብን ይጠብቁ ነበር፤ «ጎረቤት እየተራበ እንዴት ይዋጣል?» ብለው። ሰው በዛ፣ ግቢው ጠበበ። በዚህ ጊዜ ደረሰ የሚባለው የይታየሽ ልጅ መጣ። ደረሰ አስፋልቱ ዳር ሆቴል ከፍቷል። ልጅ ሳለ የራሱ እናት ቤት ተጠርቶ ይታጣና ከዓሲያ ድስት ሥር ጣቱን ሲልስ ይገኝ ነበር።

«እትዬ፣ የሚመጣው አርብ በእኔ ግቢ ይሁን» አላት። «ወንበር አለ፣ ውሃ አለ፣ መብራት አለ። እርስዎ ድስትዎንና እጅዎን ብቻ ይዘው ይምጡ።»

«ድስቴና እጄ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ?» አለች፤ ደስም አላት። ያሳደጉት ልጅ ለሰው ሲተርፍ ማን ይጠላል?

አርብ ዕለት ምሳው የሚባል የጋዝጊብላ ገበሬ፣ ከአህያው ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ እየተጨቃጨቀ፣ አፈሩ ያልደረቀ ካሮት በሁለት ጆንያ አደረሰ። ዓሲያ በደረሰ ግቢ ከቀትር ጀምራ ሠራች። አንዱ ጆንያ በቃ፤ ሌላው ተረፈ። አስር ሰዓት ሲደርስ ሾርባው ተንተክትኮ ነበርና እሳቱን ቀነሰች፣ ቅመሟን ነሰነሰችበት፣ ከደነችው፣ ልትሰግድ ወደ ቤቷ ሄደች።

ስትመለስ ግቢው ሞልቷል። ቄስ ወልደ ኢየሱስና ሽማግሌው ሐይደር በአንድ አግዳሚ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ በመቁጠሪያው አንዱ በሙስበሃው ሰዓቱን ይገፋሉ። ደረሰ የጋበዛቸው የባሕር ዳር እንግዶችም ፊት ለፊት አሉ። ዓሲያ ወደ ድስቷ ሄዳ ክዳኑን አነሳች። የቀረፋው ሽታ መጣ። የቅርንፉዱ መጣ። ከኋላቸው ደግሞ ማንም ያልጠራው ሌላ ገባ።

ክዳኑን መልሳ ከደነች። ሻሿን ጠበቅ አደረገች።

«ደረሰ።»

«አቤት እትዬ።»

«ድስቴ ውስጥ ዶሮ አለ።»

ደረሰ ሳቀ። «በእግሯ ገባች እንዴ?»

የሳቀለት አልነበረም።

«እትዬ፣ ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ጾም አፍንጫን ያታልላል።»

«ጾም አፍንጫን ይስላል እንጂ አያታልልም። ምን ጨመርክ?»

«ምንም! ካላመኑኝ ቀምሰው ያረጋግጡ።»

ነገሩን እሳት ያደረገው ይህ ነው። እንደማትቀምስ ያውቃል። ሲያድግ ስትጾም አይቷታል፤ ያችኑ ጾሟን መደበቂያ አደረጋት። የዓሲያ ድምፅ ጭራሽ ዝቅ አለ።

«አንተ ቅመስ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለ፤ እናቱን በጎን አየት አድርጎ።

ሐይደር ከአግዳሚው ላይ «ዓሲያ ሸተተኝ ካለች ሸቷታል» አለ።

«አባባ ሐይደር፣ ሽታ ምስክር ይሆናል?» አለ ደረሰ። «ይህ ሁሉ ሰው ተርቦ ተቀምጧል። ከሽታ ተነስተን ሾርባ ልንደፋ ነው?»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። እውነት ነው፤ ዓሲያ በእጇ ማስረጃ አልነበራትም። ዝም ብትል የስንት ሰው ጾም በእሷ ስም ይፈርሳል። ብትደፋው ደግሞ በዋግ ምድር፣ ስንት ሰው በረሃብ ያለቀበት ምድር፣ በጥርጣሬ ብቻ አንድ ድስት ምግብ የደፋች ሴት ትባላለች።

ያን ጊዜ ይታየሽ ብድግ አለች። ነጭ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች።

«እኔ ሰዓቴን አድርሻለሁ። ስጡኝ ጭልፋውን።»

«እማ፣ ተይው…» አለ ደረሰ።

ይታየሽ ክዳኑን ከፈተች፣ በሳህን ቀዳች፣ ፊቱ ቆመች።

«ልጄ፣ ዶሮ የለበትም ብለሃል። እኔ እናትህ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። ልብላ?»

ደረሰ መሬት መሬት አየ።

«'ብዪ' በለኝ እንጂ! አንዲት ቃል ናት።»

 ይታየሽ ሳህኑን ሁለት ጊዜ እፍ አለችበት፣ ወደ አፏ አስጠጋችው። ከንፈሯን ሊነካ ሲል ደረሰ ዘሎ እጇን ያዘው። ሾርባው በነጠላዋ ላይ ፈሰሰ፤ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

«አትብዪ» አለ።



«ጥቂት የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ናት» አለ ደረሰ፣ ከኪሱ ዶሮ የተሳለባቸውን መጠቅለያዎች እያወጣ። «በሆቴል ሥራ ሁሉም ይጨምራታል። ዶሮም የለባትም እኮ፣ ሽታው ብቻ ነው።»

ቄስ ወልደ ኢየሱስ «ሽታው ብቻ ከሆነ ሥዕሏን ምን ሊሠሩ ሳሏት?» አሉ።

«እንግዶቹ እንዳይንቁኝ ብዬ ነው፣ አባቴ። ሥጋ የሌለው ሾርባ ውሃ ነው እንዳይሉኝ…»

«ውሃ ይሁን» አለች ዓሲያ። በዚያ ድምፅ ነበር የተናገረችው፤ ሰው ሁሉ ሊሰማት አንገቱን አሰገገ። «የእኔ ሾርባ ውሃ ይሁን። ውሃን ሁላችንም እንጠጣለን። ያንተን ግን የማን ቢላዋ እንዳረደው፣ የማን ስም እንደተጠራበት የሚያውቅ አለ? ለሐይደር አይሆን፣ ለቄሱ አይሆን፣ ለወለደችህ አልሆነ። ለማን ሠራኸው? ተርቤ ብታገኘኝና ብትሰርቀኝ ይሻል ነበር። ሌባ ዕቃ ይወስዳል። አንተ የወሰድከው ሰው ሳይጠይቅ የሚበላበትን ነው።»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ቅመሱ አልከኝ። እንደማልቀምስ እያወቅክ ቅመሱ አልከኝ!»



አንድ ወጣት ድስቱን ሊደፋ ጆሮውን ያዘ። ዓሲያ እጁን መታችው። «አይደፋም። የምግብ ምን ጥፋት አለው?» መጠቅለያዎቹን ከደረሰ እጅ ተቀበለች፣ ድስቱን አስወጥታ በሆቴሉ በር ላይ አስቀመጠች፣ መጠቅለያዎቹንም በክዳኑ ላይ ዘረጋቻቸው። «የሚበላ ሰው የሚበላውን አውቆ ይብላ» አለች። ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ሥዕሉን አይተው፣ ተያይተው፣ «መንገደኛ ምን ይመርጣል» ብለው ተቀመጡበት።

አዛኑ ሲወጣ ዓሲያ የተረፈውን ጆንያ ፈታች። ሴቶቹ ካሮቱን አጠቡት፣ ላጡት፣ ሰነጣጠቁት። እሷ ጨው በተወቀጠ ቅመሟ ለወሰችና በትሪ አዞረችው። ያን ማታ ሰፈሩ ጾሙን የፈታው በተምርና በጥሬ ካሮት ነው። ግቢው ሁሉ ቀጭ ቀጭ አለ፤ የባሕር ዳር እንግዶችም አብረው ቀጭ ቀጭ አሉ።

«ዓሲያ» አለ ሐይደር፣ «እኔ ጥርሴን ከቀበርኩ ስንት ዘመኔ። ልትገይኝ ነው?»

«ለአንተ እፍቅልሃለሁ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለች፤ ፈቅፍቃ ሰጠችው። ሳቅ ግን አልወጣትም።

በማግስቱ ደረሰ ድስቱን በአመድና በአሸዋ ፈትጎ፣ ቂጡን ሳይቀር አብርቶ ወደ ቤቷ አመጣው። ከደጅ አላሳለፈችውም።

«ዶሮ ቀቅልበት» አለችው። «የእኔ ድስት ሞቷል።»

ድስቱ ከኢብራሂም ጋር ትዳር ስትይዝ ቤቷ የገባ ነበር። በሩን ዘግታ ምን እንዳደረገች ይታየሽ ብቻ ታውቃለች፤ ይታየሽም አትናገርም።

በሚቀጥለው አርብ ሾርባው በዓሲያ ግቢ፣ በአዲስ ድስት ተጣደ። ድስቱ ስስ ነው፤ ካሮቱ ሥር ሥሩን እየያዘ አስቸገራት፤ በየመሐሉ ቆርቆሮውንም ሠሪውንም ትራገማለች። ሰው በጊዜ መጣ። ማንም «ምን አለበት?» አላለም። ደረሰም መጣ፤ ግን በሩ ላይ ቆመ። አልጠራችውም፣ አላባረረችውምም። ይታየሽ፣ ቢጫው ያልለቀቀውን ነጠላ እንደ ለበሰች፣ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ አለች።

«ዓሲያ፣ ይግባ?»

ዓሲያ ቅመሟን መውቀጧን አላቆመችም። ዘነዘናው ቆይቶ ዝም ሲል ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ የሰው ድምፅ፤ ዝቅ አላለም።

«ይግባና እሳት ያንድድ። ክዳኑን ግን እንዳይነካ።»