አረንጓዴው እንደበራ የተነሳው ሞተር

ዛሬ ጠዋት አረንጓዴው መብራት እንደበራ ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ማርቆስ እጃቸውን ሊያስገቡ አንድ አሜን ቀርቷቸው ነበር።

ጋሽ ማርቆስ ዱቦ አካባቢ ያለ የውኃ ፓምፕ ጠባቂ ናቸው። የፓምፑን መብራቶች የገጠምኩት እኔ ነኝ።

መቆጣጠሪያው ሁለት መውጫ ብቻ ነበረው፤ መብራቶቹ ግን ሦስት ናቸው። አንዱ መውጫ «ሞተሩ እየሠራ ነው» የሚለውን ቀዩን፣ ሌላው «ሊነሳ ይችላል» የሚለውን ቢጫውን ያዛል። ለአረንጓዴው መውጫ ስላጣሁ፣ ሁለቱም ዝም ሲሉ በሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ትእዛዝ በሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ እንዲበራ አደረግኩት። ትርጉሙ «ኃይል የለም፣ እጅህን አስገባ» ነው። በዚህ ብልሃቴ ተማሪዎቼ ፊት ስኮራ ከርሜአለሁ።

ለካ ከመቆጣጠሪያው ወደ ሪሌዎቹ የሚሄደውን ሽቦ አይጥ በልታዋለች። ትእዛዝ ሲቋረጥም አረንጓዴው ይበራል። ሞተሩ ግን ኃይል አለው፤ ታንከሩ ሲጎድል ራሱ ይነሳል።

ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘውን ያረጀ የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ልንቀይር ነበር። አረንጓዴውን አምነን ዋናውን ማጥፊያ አልነካንም። ጋሽ ማርቆስ ሳይጸልዩ ሥራ አይጀምሩም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ያሳጥሩት» አልኩ።

«መምህር፣ ዝም በል። ገና ልጆቼ ጋ አልደረስኩም።»

ልጆቻቸው ጋ ሲደርሱ ቺንጋው መዞር ጀመረ።

እሳቸው ጸሎቱን ጨረሱ። እኔ ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ ዘጋሁ።

ቤሌም እንዲሁ አድርጌ የገጠምኩት ፓምፕ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ስደውል ጠባቂው አያነሳም፤ እኔም አሁን ወደዚያው መንገድ ላይ ነኝ።

ቤሌ ያላችሁ፣ ቀድማችሁኝ ድረሱና የፓምፑን ዋና ማጥፊያ ዝጉልኝ። ሌሎቻችሁ፣ እንዲህ አምናችሁት የከዳችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው።