ከዚህ ክፍል የማይወጣ ነገር

ያን ማክሰኞ በተሰደድንባት ከተማ ኦክላንድ ላይ ጭጋጉ እስከ ቀትር አልተነሳም። የእህቴ ልጅ ኦዲልያ፣ ስንሰደድ በረሃ ላይ የሞተው ወንድሟ ሌሊት እየጠራት እንቅልፍ ስላጣች የትምህርት ቤቱ አማካሪ አስጠራቻት። በትውልድ መንደራችን የምንናገረውን፣ ማም የተባለውን ቋንቋ የሚያስተረጉም ከቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ኤርነስቲና በቀር አልተገኘም።

አማካሪዋ «የምትነግሪኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለቻት። ልጅቷም ቃሏን አምና ሁሉንም በእትዬ ኤርነስቲና በኩል ተናገረች።

እሑድ እትዬ ኤርነስቲና ምእመኑ ፊት ቆማ፣ «ለኦዲልያ ጸልዩላት፣ የሞተ ሰው ያናግራታል» አለች።

ስንወጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የመዘምራኑ ልጆች ኦዲልያን ከበቧት።

«አንቺ ዕብድ፣ ሟቹ ዛሬስ ምን አለሽ?»

«እኛንም ሰላም በይልን!»

ከዚያ ወዲያ አማካሪዋ ፊት አፏን አልከፈተችም። አማካሪዋም ተሽሏታል ብላ ተወቻት። አሁን ትምህርቷን ትታ ከእኔ ጋር የሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፤ እንቅልፍ ግን ዛሬም የላትም።