ውሃ የለከፋት ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳ መሃል ከተማ በምንኖርበት ግቢ አባባ ዘለቀ የሚባሉ ጡረተኛ ጎረቤት ነበሩን። አመሻሹ ላይ ማንደጃቸውን በረንዳ አውጥተው ፍሙን እየሞቁ ለግቢው ልጆች ተረት ይነግሩናል። መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ያበሩና ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን እናዳምጣለን። ከሁሉ የምፈራው በቀትር ሐይቅ ወርዳ እግሯን ስትነክር ጋኔን የለከፋትን፣ ደሟ ፈሶ ያለቀችውን ልጅ ተረት ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ከጓደኛዬ ከማርታ ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ በጠራራ ፀሐይ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን ውሃ ውስጥ ስንራጭ ቆየን። በማግስቱ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። አለቀልኝ አልኩ። ያኔ ስለ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይወራም፤ አባቴም ሬዲዮኑን የሚከፍተው ለዜና ነው፣ የጤና ፕሮግራም ሲጀምር «ይሄ ለልጅ አይሆንም» ብሎ ጥርቅም ያደርገዋል። መቀመጥ አቃተኝ። ከጓዳ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ጓዳ ስቆራጠጥ እናቴ አንድ ሁለቴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ማታ አላስችል ሲለኝ አባባን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እርስዎ የነገሩን ልጅ ጠበል ብትጠመቅ አትድንም ነበር?»

«ቀኗ ከደረሰ ማን ያድናታል፣ ልጄ?» አሉና ፍሙን ቆሰቆሱ።

በነጋታው ከትምህርት በኋላ ቤቴ መግባት ፈርቼ ማርታ ቤት ሄድኩ። ቤተሰቧ ሲዳማ ናቸው፤ እናቷ አማርኛ ብዙም ስለማይገባቸው፣ የሚወዱትን የጤና ፕሮግራም ማርታ እየተከታተለች በሲዳምኛ ትነግራቸዋለች። ያን ዕለት ሬዲዮ ላይ የምትናገረው ሴት ስለ ወር አበባ ጀመረች፤ በሽታ አይደለም፣ ሴት ልጅ ስትደርስ የሚመጣ ነው አለች። ማርታ አፍራ ዝም ስትል እናቷ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ፊቷን ሸፍና ተረጎመችላቸው።

እኔ ግን ሳላስበው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የማርታ እናት አዩኝና ሁሉም ገባቸው።

«አንቺም መጣብሽ?» አሉኝ በአማርኛ። «አይዞሽ። እኔ መጣ፣ እሷም መጣ። ማንም አልሞተም።»

ንጹሕ ጨርቅ ቀደው ሰጡኝ፤ እንዴት እንደምይዘውም አሳዩኝ። በደስታ እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ በሩን ዘጋች።

«አባትሽ እንዳይሰማ» አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም በአንቺ ዕድሜ የምሞት መስሎኝ ሳለቅስ ነው የከረምኩት» አለች።

ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህ የእናቴ ቃል ግን እስከ ዛሬ ዕረፍት ይነሳኛል። ፍርሃቱን እንደዚያ እያወቀችው፣ ዓይኗ ሥር ስቆራጠጥ እያየችኝ፣ አንዲት ቃል እንዳትነግረኝ አፏን ምን ያዘው? በሕይወት ሳለች ልጠይቃት ብዙ ጊዜ ተነሣሁ፤ እኔም አፍሬ ቀረሁ።