ጋሽ አትግቢ

ጋሽ አትግቢ ሰፈር ያወጣለት ስም ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው። ሥራው የውጭ ፊልም መተርጎም ነው። መተርጎም ስላችሁ ታዲያ መነጽር አድርጎ የሚጽፍ ሰው እንዳይመጣባችሁ። ከመኝታ ቤቱ ጎን ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ የተለበጠ ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ማይክ ፊት ቁጭ ይልና ፊልሙን እያየ በሁሉም ሰው አፍ እሱ ይናገራል። ገዳዩም እሱ፣ ፖሊሱም እሱ፣ የሚጮኸው ውሻም እሱ ነው።

በሰፈሩ የሚሸጠው ፊልም ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ወጣቶች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ለእረፍት ሰው አገር ይሄዳሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ያልቃሉ። መኪናቸው ይበላሻል፣ ስልካቸው አይሠራም፣ ጫካ መሃል መብራት የበራበት ቤት ያያሉ፣ "እስቲ እዚያ ገብተን እርዳታ እንጠይቅ" ይላሉ። ጋሽ አትግቢ እዚህ ላይ ሲደርስ አይችልም። ፊልሙ ውስጥ የሌለውን ከራሱ ጨምሮ፣ "አትግቢ! አንቺ ልጅ፣ አትግቢ እኮ ነው የምልሽ!" እያለ ያምባርቃል። ልጅቷ እቴ፣ ትገባለች። "ይኸው! ነግሬሽ ነበር!" ይላል ላብ በላብ ሆኖ። ተመልካቹ ይህን ወደደለት፣ ስሙም በዚያው ጸና።

የሴቶቹን ድምፅ የምትሠራው አንድ ልጁ ናት። መጀመሪያ ራሱ ሞክሮት ነበር፣ ግን ሥራውን የሚሸጥለት ፊልም ሻጭ ሰምቶ "ጋሼ፣ የሚያርዱት ልጅቷን ነው ወይስ ፍየል?" ብሎ አሳፈረው። ያኔ ልጁ ገና ተማሪ ነበረች። የቤት ሥራዋን ስትሠራ የአባቷ ጩኸት ቢያስመርራት ተነሥታ ገባችና ማይኩን ቀምታ አንድ ጊዜ ጮኸችበት። ጎረቤት ዱላ ይዞ መጣ! ከዚያ ወዲህ በየፊልሙ የምትሞተው እሷ ናት። ታርዳ ትወጣና እራቷን ትበላለች።

አሁን አድጋ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ "አባዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ለእረፍት ውጭ አገር ልንሄድ ነው። ባሕር ዳርቻ" አለች።

ጋሽ አትግቢ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። "ስንት ሆናችሁ?"

"አራት።"

"አራት! አራት ሆነው እኮ ነው ሁልጊዜ የሚጀምሩት!"

"ታዲያ ሦስት ሆነው ይሂዱልህ?" አለች ሚስቱ።

"ሦስት ሲቀሩማ ነው ጭራሽ የሚብሰው!"

ካላየኋቸው አላምንም ብሎ ድርቅ ስላለ ጓደኞቿ እሁድ ዕለት ለባብሰው መጡ። ሶፋው ላይ ደርድሮ አስቀመጣቸውና "መኪናችሁ ቢበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?" ብሎ ጀመረ። አንዱ ቀልደኛ ነው፣ "ጋሼ፣ ሹፌሩን እንገፋዋለና!" ብሎ ራሱ ሳቀ። ጋሽ አትግቢ ልጁን በሐዘን አየው፤ በየፊልሙ መጀመሪያ የሚሞተው ቀልደኛው ነው። የብስኩቱን ሳህን ቀስ ብሎ ወደ እሱ አስጠጋለት። "ብላ ልጄ፣ ብላ።"

ሌሎቹ ሁለቱ ፍቅረኛሞች ናቸው። "እኛ እንኳን ለብቻችን ዞር ዞር ማለት ነው የምንወደው" አሉት ተያይተው እየተሽኮረመሙ። ለብቻቸው ዞር ካሉት ውስጥ ተመልሶ የመጣ አይቶ አያውቅም! ጭንቅላቱን ያዘ።

"ማደሪያችሁስ?"

"አንዲት አሮጊት ቤታቸውን አከራዩን። ሲበዛ ደግ ናቸው፣ ኪራዩንም ቀነሱልን።"

"ደግ አሮጊት!" ብሎ ብድግ አለ። "አለቀ! አትሄጂም!"

ጓደኞቿ ብስኩታቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ፊልም ሻጩ የሚጠብቀው ሥራ ስለነበር ልጅቷ ከአባቷ ጋር ፍራሽ ወደለበሰችው ክፍል ገባች። ፊልሙ ተጀመረ፤ አንድ ባለመጋዝ ሰውዬ አንዲት ልጅ ያባርር ጀመር። የጩኸቱ ተራ ደረሰ። በፊልሙ ያለችው ልጅ አፏን በረገደች፣ ድምፅ ግን የለም።

"ጩኺ እንጂ!" አለ ጋሽ አትግቢ።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀች። "አባዬ፣ እኔ እስከ ዛሬ የት ነው የሞትኩት?"

"ኧረ አፍሽ ላይ ቁራጭ እሳት!"

"ሁሉንም የሞትኩት እዚሁ ነው፣ አንተ አጠገብ፣ እነዚህ ፍራሾች መሃል። ውጭ አገር አንድም ቀን ሞቼ አላውቅም።"

"እኔስ ምን ላድርግ?" አለ ጋሽ አትግቢ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ሥራ ነው፣ ሥራ ነው እያልኩ ስትጮኺ ስሰማ ኖርኩ። አሁን እሄዳለሁ ስትይኝ ያ ጩኸት ጆሮዬ ላይ መጣ። ብትሞችብኝስ?"

"ሄጄ ብመለስስ?"

ይህን በየትኛውም ፊልም አይቶት አያውቅም። ፊልሙን አቆመና፣ "ምድር ቤት አትግቢ" አለ።

"እሺ።"

"መብራት ቢጠፋ 'ማነው እዚያ?' ብለሽ እንዳትጠይቂ።"

"ለምን?"

"'እኔ ነኝ' ያለ ሰው የለማ!"

ልጅቷ ሳቀች፣ አንገቱን አቅፋ ሳመችው፣ በሳምንቱም ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ፊልሙ ያለ ጩኸት ቀረ። ሻጩ በየቀኑ እየደወለ ይጨቀጭቃል። ሚስቱን ማይክ ፊት ቢያቆማት "ኧረ እኔ አፍራለሁ" ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እሱም ቢሞክረው ያችው ፍየል ናት።

ሲጨነቅ ስልኩ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ፣ የልጁ ነው። ከፈተው። መጀመሪያ የውሃ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ጩኸት! ያችው የልጁ ጩኸት። ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "ነግሬያት ነበር" ሊል አፉን ሲከፍት ከጩኸቱ ኋላ ሳቅ ተከተለ፤ "ይቀዘቅዛል! አባዬ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል! ኡኡኡ!" ደግሞ ሌላ ሳቅ፣ የቀልደኛው ልጅ ድምፅም አለበት፣ እስካሁን አልሞተም።

ደግሞ ሰማው። ደግሞ። የልጁን ጩኸት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ይሄኛውን ግን ሰምቶት አያውቅም። ለሚስቱ አሰማት፣ ለጎረቤት አሰማ፣ ለቆጣሪ አንባቢውም ሳይጠይቀው አሰማው። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ መልስ ላከ፤ "ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ግን ብዙ አትግቢ።"

በሳምንቱ ፊልም ሻጩ ተቆጥቶ መጣ። "ጋሼ፣ ምን ጉድ ነው የሠሩኝ? ሰውዬው በመጋዝ ያባርራታል፣ እሷ በደስታ እየጮኸች 'ይቀዘቅዛል' ትላለች! ገዢው እየሳቀብኝ ነው። ያስተካክሉት እንጂ!"

"አላስተካክልም" አለ ጋሽ አትግቢ፣ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል። "ደስ ብሏታል አልኩህ። አንተን ምን አገባህ?"