ሽማግሌዎቹ ፊት ያነበብኩት ግስ

የልጅ ልጄ «ቴክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ጮክ ብላ ስታጠና፣ ቡራዩ የነበረው የልጅነት ግቢያችን ታየኝ። የባሕር ዛፉ ቅጠል ፀሐይ መትቶት ይሸታል። ሦስት ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተዋል፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡምና ቆመዋል። አባባ ግን ደብተሬን አምጥቼ የዚሁን ግስ ትርጉሞች እንዳነብ አዘዘኝ።

«መውሰድ፣ መያዝ፣ መድኃኒት መዋጥ፣ ፈተና መፈተን...»

«ሌላስ?» ይላል፣ ባቆምኩ ቁጥር። እንግሊዝኛ የወደደ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይሄ ቃል አያልቅም እንዴ?» አሉ አንደኛው፣ መቆም ሲደክማቸው።

«ገና ሰባተኛ ክፍል ናት። የሚያልቀው አስራ ሁለተኛ ላይ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ሳይቀመጡ ወጡ። እኔ ማንበቤን አላቆምኩም።

አስራ ሁለተኛን የጨረስኩት ከዚያው ግቢ እየተመላለስኩ ነው። የልጅ ልጄ አሁን ወደ ሌላ ገጽ አልፋለች።